82 አምጥቶ ሲኦሲ የወደቀው ልጅ

ጥያቄው፦ «ታናሽ ወንድሜ በአንድ የመንግሥት ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ደረጃ 2 ሠልጥኖ ጨርሷል። የኮሌጁ አማካይ ውጤቱ 82 ነው። ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ምዘና) ተፈትኖ ግን ‹ገና ብቁ አይደለህም› ተባለ። 60 እና 65 ያላቸው ጓደኞቹ አልፈዋል። ኮሌጁ ለደረጃ 3 አልመዘግብህም ብሎታል። አንድ የግል ኮሌጅ ደግሞ ‹ያለ ሲኦሲ እንቀበልሃለን፣ እሱን በኋላ ታመጣለህ› ይለዋል። ቤተሰቡ ሁለት ቦታ ተከፍሏል። ገሚሱ ዓመቱን ይድገም ይላል፣ ገሚሱ የግሉ ይግባ። በደል ተፈጽሞበታል ብለንም እንጠረጥራለን። ምን ይሻላል?»

ዓመት አይደግምም። የግል ኮሌጁንም ይተዉት። ወንድምዎ የወደቀበትን ክፍል ለይቶ፣ እሱኑ ተለማምዶ፣ በእሱ ዳግም ይመዘን። መልሴ ይኸው ነው። ምክንያቱን ለማስረዳት ግን ጥያቄው ውስጥ የተጋደሙ አንዳንድ የተሳሳቱ ግምቶችን ማቃናት አለብኝ።

ከ82ቷ እንጀምር። በመደበኛ ትምህርት ቤት አማካይ ብዙ ጉድ ይሸፍናል። ሒሳብ ዝቅ ቢል ታሪክ ይደግፈዋል፣ ፊዚክስ ቢጎድል ስፖርት ይሞላዋል። ልጁ ከክፍል ክፍል የሚያልፈው በድምሩ ነው። ቴክኒክና ሙያ ውስጥ እንዲህ ያለ መካካስ የለም። እያንዳንዱ ሙያ «የሙያ ደረጃ» የሚባል ሰነድ አለው። ሰነዱ ሥራውን በብቃት አሃዶች ይከፋፍለዋል። ገመድ መዘርጋት አንድ አሃድ ነው፣ ዕቃ መግጠም ሌላ፣ የተሠራውን መፈተሽ ደግሞ ሌላ። እያንዳንዱ አሃድ ራሱን ችሎ ይመዘናል። በዘጠኙ የተዋጣለት፣ በአሥረኛው ያልሆነለት ሰው በዘጠኙ ብቁ ነው፣ በአሥረኛው ገና ነው። የአንዱ 95 የሌላውን 50 አይጥፈውም።

ጭካኔ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ቤትዎን የሚዘረጋ ሰው ቀጠሩ እንበል። ሶኬቱን አሳምሮ ገጠመ፣ ቱቦውን ቀጥ አድርጎ ቀበረ፣ የመሬት መስመሩን (ብልሽት ሲኖር ኃይሉን ወደ መሬት የሚያሸሸውን ገመድ) ግን ረሳው። «አማካዩ ጥሩ ነው» ብለው ልጅዎን ሻወር ውስጥ ያስገባሉ?

82ቷ ከየት ከየት እንደተለቀመችም ይዩ። ሥልጠናው ውስጥ ካይዘን (ሥራን ቀስ በቀስ የማሻሻል ዘዴ)፣ ሥራ ፈጠራ፣ ከሌሎች ጋር ተባብሮ መሥራት የመሳሰሉ ለብዙ ሙያ የጋራ የሆኑ አሃዶች አሉ። ማንበብና መጻፍ የሚቀናው ልጅ እነዚህን በዘጠናዎቹ ይወስዳቸዋል። አማካዩም ሽቅብ ይወጣል። 60 ያመጣው ጓደኛው ምናልባት ወረቀት የሚያስጠላው፣ ፒንሳና ካቻቪቴ ሲይዝ ግን እጁ የማይስት ልጅ ነው። አሠልጣኝም መዛኝም ሆኜ ስሠራ እንደዚህ ዓይነት ልጆችን ደጋግሜ አይቻለሁ። እኔን አይገርሙኝም፣ ቤተሰብን ግን ሁልጊዜ ያስደነግጣሉ።

ሁለተኛው ስሕተት «ጨርሷል» የሚለው ቃል ነው። እዚህ አገር የሚጨረሱት ነገሮች ሁለት ናቸው፣ ሁለት የተለያዩ ወረቀቶችም አሏቸው። አንደኛው የኮሌጁ ነው። ሠልጣኙ ሞጁሎቹን አንድ በአንድ ይወስዳል፣ በተቋሙ ይመዘናል፣ ድርጅት ውስጥ የትብብር ሥልጠናውን ይሠራል፣ ሎግ ቡኩን (የሠራውን የሚመዘግብበትን ደብተር) ያስፈርማል። ይህን ሁሉ ሲያሟላ ሥልጠናውን አጠናቋል ይባላል። ሁለተኛው ወረቀት ሕዝቡ ሲኦሲ የሚለው ብሔራዊ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ነው። ይህን የሚሰጠው ያሠለጠነው ኮሌጅ አይደለም፣ የክልሉ ወይም የከተማው የሙያ ብቃት ምዘና ተቋም ነው። የተለያየው በዓላማ ነው። ያሠለጠነ ሰው የራሱን ሠልጣኝ «በቅቷል» ብሎ ቢፈርም ማን ያምነዋል?

ጋዋን የሚለበሰው፣ ፎቶ የሚነሣው፣ ድግስ የሚደገሰው በመጀመሪያው ወረቀት ነው። ቀጣሪ የሚጠይቀው ሁለተኛውን ነው። ወንድምዎ የመጀመሪያውን በሚገባ ይዟል። ማንም አይወስድበትም።

ዓመቱን ይድገም የሚሉት ዘመዶች ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። በ10+1፣ 10+2 እና 10+3 (ከ10ኛ ክፍል በኋላ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት) ዘመን የሠለጠኑ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ዓመት ይቆጠር ነበር፣ ውጤት ይደመር ነበር፣ የጎደለበት ይደግም ነበር። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ ይህን አሠራር ገለበጠው። «ስንት ዓመት ተማርክ?» የሚለው ጥያቄ ቀርቶ «ምን መሥራት ትችላለህ?» በሚለው ተተካ። በኋላ የወጣው አዋጅ ቁጥር 954/2008ም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው። እንዲያውም ኮሌጅ ደጅ ሳይረግጥ፣ ከአባቱ ወይም ከጋራዥ አለቃው ሙያ የለመደ ሰውም ለምዘና መቅረብ ይችላል። በቅቶ ከተገኘ የሚይዘው ወረቀት ያው ነው።

ስለዚህ ደረጃ 2 ማለት ሁለተኛ ዓመት ማለት አይደለም። ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 5 ሲወጡ የሚለወጠው የሥራው ክብደት ነው። ታች ያለው በሌላ ሰው ክትትል ሥር የተነገረውን በትክክል ይሠራል። ወደ ላይ ሲወጣ ብልሽት መለየት፣ ሥራ ማቀድ፣ ሌላውን መምራት ይጨመርበታል። ኮሌጁ ለደረጃ 3 አልመዘግብም ያለው ስለ ጠላው አይደለም። መርሁ ራሱ ነው፤ የታችኛው ደረጃ ብቃት ሳይረጋገጥ ወደ ላይኛው መሸጋገር የለም።

አሁን ወደ ምዘናው ቀን እንሂድ። ልጁ የወደቀበት ነገር እዚያ ነውና።

ምዘናው የተግባርና የዕውቀት ክፍል አለው። ዕውቀቱ የጽሑፍ ፈተና ነው። 82 ያለው ልጅ እዚያ ላይ ይወድቃል ብዬ አልጠብቅም። ተግባሩ በፕሮጀክት ይሰጣል። ብዙ ጊዜ ተያያዥ አሃዶች በአንድ ፕሮጀክት ይታሰራሉ። ለምሳሌ ከሁለት ቦታ የሚበራና የሚጠፋ አንድ አምፖል፣ አንድ ሶኬት፣ ብሬከር ያለው ሰሌዳ ሥራ ተብሎ ሥዕሉ ይሰጣል። ሰዓት ተቆርጦለታል። ተመዛኙ ገመዱን ይቆርጣል፣ ይልጣል፣ ያስራል፣ ይዘጋል። ማብሪያውን ይጫናል። አምፖሉ ቦግ ይላል። ልጁ ፈገግ ይላል።

መዛኙ ግን አምፖሉን አያይም። ማብሪያ ማጥፊያውን ፈትቶ ውስጡን ያያል። ፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ገመድ) በማብሪያው በኩል እንዲያልፍ ሲገባው ኒውትራሉ (የመመለሻው ገመድ) አልፏል። አምፖሉ በሁለቱም መንገድ ይበራል፣ በሁለቱም ይጠፋል። ልዩነቱ ሲጠፋ ነው። ኒውትራሉን ብቻ የቆረጠ ማብሪያ አምፖሉን ያጠፋል እንጂ መያዣው ላይ ያለውን ፌዝ አይቆርጥም። «ጠፍቷል» ብሎ አምፖል ሊቀይር ጣቱን የሰደደ ሰው በኤሌክትሪክ ይያዛል። ይህ ስሕተት የአንድ ነጥብ ቅናሽ አይደለም። ያ ሥራ በሙሉ «ገና» ይባላል።

ሌላው ደግሞ የሚያሳዝነው ዓይነት ነው። አንድ ተመዛኝ ትዝ ይለኛል። ገመዱ የተሰመረ ይመስል ነበር፣ መገጣጠሚያው የጠበቀ፣ ሰሌዳው ንጹሕ። ኃይል ከመልቀቁ በፊት ግን ምንም አልፈተሸም። መልቲሜትሩ (የኤሌክትሪክ መለኪያው) ጠረጴዛው ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ገመዱ እንዳልተቋረጠ አላረጋገጠም፣ በፌዝና በመሬት መስመር መካከል መነካካት እንደሌለ አላየም። በቀጥታ ብሬከሩን ገፋው። በራለት። እኔ ግን ብቁ ልለው አልቻልኩም። ኮሌጅ ውስጥ መምህሩ እየፈተሸ ይለቅለት ስለነበር ፍተሻው የራሱ ሥራ አልመሰለውም። ጎበዝ ተማሪዎች በዚህ ወጥመድ ብዙ ሲገቡ አይቻለሁ። መምህር ስለሚወዳቸው ቶሎ ይረዳቸዋል፣ እነሱም ሳያውቁት ግማሹን ሥራ ለእሱ ይተዉለታል።

በወንድምዎ ላይ የሆነው ከሁለቱ አንዱ ነው፣ ወይም ሰዓቱ አልቆበት ሳይጨርስ ቀርቷል። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። የውጤት መግለጫው ግን ይናገራል። በየትኛው አሃድ ወይም ፕሮጀክት ብቁ እንደተባለ፣ በየትኛው ገና እንደተባለ ለይቶ ይጠይቅ። ከእርስዎ ጥያቄ ውስጥ ትልቁ ጉድለት ይህ ነው። ቤተሰቡ ሁሉ ስለ 82 እና ስለ 60 ሲከራከር ልጁ በምን እንደወደቀ የጠየቀ የለም።

በደሉን በተመለከተ፦ ቅሬታ ማቅረብ መብት ነው። ግን ቅሬታ የሚያነሣ ነገርና የማያነሣ ነገር አለ። በምዘናው መሀል መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ካልተካካሰለት ያነሣል። የተሰጠው ብሬከር ወይም መለኪያ ብልሽት ኖሮት እያመለከተ ካልተቀየረለት ያነሣል። መዛኙ ቀድሞ የሚያውቀውና የተጣላው ሰው ከሆነም ያነሣል። «አማካዬ 82 ነው፣ 60 ያለው አልፏል» የሚል ማመልከቻ ግን የትም አያደርስም። ሁለቱ የሚለኩት በተለያየ ሚዛን ነውና። ቅሬታ ካለው ጊዜ አይስጥ። የሚቀርብበት ቀን አጭር ነው፣ የተሠራው ሰሌዳም ፈርሶ ለሌላ ተመዛኝ ይውላል።

የግል ኮሌጁ ነገር። ሁሉም የግል ኮሌጅ እንዲህ ነው አላልኩም፣ ከብዙዎቹ ጥሩ ባለሙያዎች ወጥተዋል። ይህኛው ያቀረበው ውል ግን ለወንድምዎ አይሆንም። «በኋላ ታመጣለህ» ማለት ክፍያውን አሁን ተቀብሎ ችግሩን ወደ ፊት መግፋት ነው። ልጁ ደረጃ 3ን ሠልጥኖ ለምዘና ሲመዘገብ የደረጃ 2 ማረጋገጫ አምጣ ይባላል። ያኔ ሁለት ዕዳ አለበት። በዚያ ላይ የደረጃ 3 ሥራ የሚቆመው በደረጃ 2 ላይ ነው። አንድ አምፖል ሳይፈትሽ የሚያበራ ልጅ ሞተርና መቆጣጠሪያ ፓነል ፊት ቢቆም የሚጎዳው ራሱን ነው።

አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ። በዚህ ሰሞን «ሲኦሲ እናወጣልሃለን» የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም። ሥራቸው የወደቀ ልጅ ማሽተት ነው። ቀጣሪዎች ማስረጃውን ወደ ሰጪው ተቋም ልከው ያጣራሉ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ ከዓመታት በኋላም ያስጣራሉ። ሐሰተኛ ሰነድ ይዞ የተገኘ ሰው ሥራውን ብቻ አይደለም የሚያጣው፣ ወንጀል ነው። የወደቀ ሰው ነገ ብቁ ይባላል። የፎርጅድ ታሪክ ግን አይለቅም።

እንግዲህ ምን ያድርግ? ልምምድ። ግን ዝም ብሎ ልምምድ አይደለም። በመጀመሪያ የሙያ ደረጃ ሰነዱን ራሱን ያግኝ። ኮሌጁ ውስጥ አለ፣ አሠልጣኙ ይሰጠዋል። ተማሪዎች ሞጁል ያነባሉ እንጂ ይህን ሰነድ አይከፍቱትም። የሚገርመው መዛኙ የሚይዘው የማረጋገጫ ዝርዝር የሚወጣው ከዚያው ነው። በየአሃዱ ሥር የተጻፉት የአፈጻጸም መስፈርቶች ማለት ፈተናው ናቸው ማለት ይቻላል። ገና የተባለበትን አሃድ ይክፈትና መስፈርቶቹን አንድ በአንድ ያንብባቸው። የትኛውን እንዳላደረገ ራሱ ያገኘዋል። አብዛኛው ልጅ ሦስተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ዝም ይላል።

ከዚያ ሦስት አራት ሳምንት እጁን ያሠራ። አሠልጣኙን ለምኖ ዎርክሾፑ ነፃ ሲሆን ይግባ። ካልሆነ ከአንድ ጥሩ ኤሌክትሪሻን ጋር ረዳት ሆኖ ይውጣ። ያንኑ ሰሌዳ አሥር ጊዜ ይሥራው፣ ያፍርሰው፣ እንደገና ይሥራው። ሰዓት ይያዝ። ከሁሉ በላይ የሚሠራውን በአፉ እየተናገረ ይሥራ፦ «ኃይል አጠፋለሁ፣ መጥፋቱን በቴስተር አረጋግጣለሁ፣ ፌዙን በማብሪያ አሳልፋለሁ፣ እፈትሻለሁ፣ ከዚያ እለቃለሁ።» ሞኝ ያስመስላል። ሠፈር ውስጥም ይስቁበት ይሆናል። ፈተና ላይ እጅ ሲንቀጠቀጥ ግን የለመደ አፍ እጅን ይመራል። እኔ ያሠለጠንኳቸውን ሁሉ በዚህ ነው የማስለምዳቸው።

በዳግም ምዘናው የሚቀርበው ገና በተባለበት ነው። ብቁ የተባለበት ተመዝግቦለታል። ለዳግም ምዘና ክፍያ ሊኖር ስለሚችል በጀት ይያዝለት፣ ለግል ኮሌጅ ሊከፍሉ ካሰቡት ጋር ግን አይወዳደርም። ደግሞም «ትንሽ ልረፍ፣ ከዓመት በኋላ እፈተናለሁ» አይበል። እጅ ይረሳል። የሙያ ደረጃ ሰነዱም በየጊዜው ይከለሳል፣ ዘግይቶ የመጣ ሰው ባልሠለጠነበት አዲስ ሰነድ ሊመዘን ይችላል።

ሲኦሲው ሲያዝ ደግሞ ምን እንደማያደርግ ይወቁ፣ በኋላ ቅር እንዳይላችሁ። ሥራ ፍለጋ ላይ በር ያስከፍታል እንጂ ሥራ አይሰጥም። በራሱ ስም የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ሥራ ተቋራጭ ሆኖ ለመሥራትም ብቻውን አይበቃም። ለዚያ ከነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን የሚወሰድ ሌላ የሙያ ፈቃድ አለ። ወደ ዲግሪ ለመሻገር ካሰበ ገና የሚወጣቸው ደረጃዎች አሉት፣ የመግቢያ መስፈርቱም ስለሚለዋወጥ ያኔ በደረሰበት ጊዜ ይጠይቅ። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ለመግቢያ እንጂ ለዚህ ምዘና ምንም አይጨምርለትም፣ አይቀንስበትምም።

አንድ ነገር ብቻ መልሴን ይለውጠዋል። የውጤት መግለጫው ላይ ገና የተባለው በአንድ ወይም በሁለት ክፍል ሳይሆን በአብዛኛው ከሆነ፣ ሦስት ሳምንት ልምምድ አያድነውም። ያኔ ኮሌጁ ሄዶ የጎደሉትን ሞጁሎች የማጠናከሪያ ሥልጠና ይጠይቅ። ያኔም ቢሆን የሚደግመው ሞጁሎቹን ነው፣ ዓመቱን አይደለም። በ82 ልጅ ላይ ይህ ይሆናል ብዬ አልገምትም። ግን መግለጫውን ሳያዩ የግል ኮሌጁ ደጅ እንዳትሄዱ።